የፈረንሣይ የከተማ አርክቴክትን ሕይወትና ሥራ ከመዝገብ ማውጣት

በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ አንድ የፈረንሣይ ከተማ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቄራ ወይም የመቃብር በር ሲያሠራ ንድፉን የሚያወጣው፣ ሥራውን የሚቆጣጠረውና የተቋራጩን ሒሳብ የሚያጣራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነበር፦ የከተማው አርክቴክት። ስሙ በሕንጻው ድንጋይ ላይ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። በክፍያ ሰነድ ግርጌ ግን ብዙውን ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያጠና ገንዘቡ የሄደበትን ዱካ ቢከተል ያዋጣዋል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንሣይ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ማዕረጉ

ፍለጋው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ከማዕረጉ ነው። «አርክቴክት ደ ላ ቪል» የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሲሆን የሚሾመውም ከንቲባው ነው። «አርክቴክት ቮዬ» ከሕንጻ በተጨማሪ መንገድንና የቤቶችን መስመር ያያል። «አርክቴክት ዴፓርትማንታል» የዴፓርትማኑን (የአውራጃ መሰል አስተዳደር ክፍሉን) ሕንጻዎች፣ ማለትም የፕሬፌውን (መንግሥት በዴፓርትማኑ ላይ የሾመውን አስተዳዳሪ) መሥሪያ ቤት፣ እስር ቤቱን፣ የዣንዳርም ሰፈሩን ይይዛል። «አርክቴክት ዲዮሴዛን» ደግሞ ከ1848 ጀምሮ ካቴድራሎችንና የጳጳሳት ቤቶችን በመንግሥት ስም የሚጠብቅ ነው። በትናንሽ ከተሞች አንድ ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሥራ ደርቦ ይይዝ ነበር፤ ያኔ ወረቀቱም ሁለትና ሦስት ቦታ ተበታትኗል ማለት ነው።

«አርክቴክት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀው በታኅሣሥ 31 ቀን 1940 በወጣው ሕግ ነው፤ የአርክቴክቶች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ማንም በስሙ አጠገብ ሊጽፈው ይችል ነበር። ስለዚህ ማዕረጉን አይቶ ዲፕሎማ አለው ብሎ መደምደም አይገባም።

የሰውዬው ሕይወት

የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ከ1792 ጀምሮ በማዘጋጃ ቤት ይያዛል። ገጽ በገጽ ከማገላበጥ በፊት በየ10 ዓመቱ የተዘጋጀውን የስም ማውጫ ይክፈቱ። በ1793 እና በ1805 መካከል ቀኑ በአብዮቱ ካላንደር የተጻፈ ስለሆነ የመለወጫ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ከ1897 ወዲህ ጋብቻ፣ ከ1945 ወዲህ ደግሞ ሞት በልደት ሰነዱ ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ይህች የኅዳግ ጽሑፍ የብዙ ወራት ድካም ታስቀራለች፤ ጡረታ የወጣ አርክቴክት በሠራበት ከተማ ይሞታል ማለት አይደለምና። ቶኒ ጋርኒዬ በ1869 ሊዮን ተወልዶ ትልልቅ ሥራዎቹን ለሊዮን ሠራ፤ በ1948 የሞተው ግን በደቡብ፣ በሮክፎር ላ ቤዱል ነው። የሞት ሰነዱን በሊዮን መዝገብ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። (የፓሪሱን ኦፔራ የሠራው ሻርል ጋርኒዬ ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች ዛሬም አሉ።)

ፓሪስ ለብቻዋ ናት። በግንቦት 1871 በተነሣው ቃጠሎ ከ1860 በፊት የነበሩት የፓሪስ ልደትና ሞት መዝገቦች ሁለቱም ቅጂዎች፣ በማዘጋጃ ቤቱም በፍርድ ቤቱም የነበሩት፣ ነደዱ። ኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተሰብ ወረቀት ተሰብስቦ የተተካው ከሲሶው አይበልጥም። የማዘጋጃ ቤቱ የሥራ ፋይሎችም አብረው ስለጠፉ ከዚያ በፊት ለፓሪስ የሠራን ሰው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በጊዜው መጽሔቶች በኩል መፈለግ ይሻላል።

የጋብቻ ሰነዱን በችኮላ አይለፉት። ከ1851 ጀምሮ የጋብቻ ውል መኖር አለመኖሩንና ያዋዋለውን ኖተር (ውል አዋዋይ ሹም) ስም ይናገራል፤ ውሉ ሲገኝ ደግሞ ወጣቱ አርክቴክት በዚያ ቀን ምን ንብረት እንደነበረው፣ ሚስቱም ምን እንዳመጣች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው።

የሕዝብ ቆጠራ በዴፓርትማኑ ቤተ መዛግብት «6 ኤም» በሚባለው ክፍል አለ። ከ1836 እስከ 1936 በ1 እና በ6 የሚያልቁትን ዓመታት ይያዙ፤ የ1871ዱ ወደ 1872 ተላልፏል፣ በ1916 አልተደረገም። በአንድ ቤት የሚኖረውን ሁሉ ስለሚዘረዝር አገልጋዮቹንና አንዳንዴም አብረውት የሚያድሩትን ረዳት ነዳፊዎች ያሳያል። የወታደር ምልመላ መዝገብ «1 ኤር» ውስጥ ነው፤ የሚፈለገውም በተወለደበት ዓመት ላይ 20 ተደምሮ ነው። የክብር ሌጌዎን ኒሻን ያገኘና ከ1977 በፊት የሞተ ከሆነ ማኅደሩ «ሌኦኖር» በተባለው የመረጃ ቋት ይገኛል። የፓሪሱ የኤኮል ዴ ቦዛር (የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት) ተማሪ ከነበረ የተማሪነት ማኅደሩ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት «አ ዢ 52» በሚለው ሥር ነው፤ ከ1800 እስከ 1968 የነበሩትን ተማሪዎች የሚዘረዝረውን «አጎራ» የመረጃ ቋት አስቀድሞ ማየት ጊዜ ይቆጥባል። ስሙ እዚያ ከሌለ አልተማረም ማለት አይደለም፤ በከተማው ትምህርት ቤት ወይም በሌላ አርክቴክት ቢሮ የተማሩ ብዙ ናቸው።

የሕንጻው ፋይል

የማዘጋጃ ቤት ቤተ መዛግብት በፊደል የተከፋፈለ ነው። «ዴ» የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤና ውሳኔ፣ «ካ» ሠራተኞች፣ «ኤም» የከተማው ሕንጻዎች፣ «ኦ» መንገድና ውኃ ናቸው። የዴፓርትማኑ ቤተ መዛግብትም እነዚሁኑ ፊደሎች ይጠቀማል፣ ትርጉማቸው ግን ሌላ ነው፦ እዚያ «ኤም» ጠቅላላ አስተዳደርና ሕዝብ፣ «2 ኦ» ደግሞ ፕሬፌው የተቆጣጠረው የከተሞች ጉዳይ ነው። አንዱን ፊደል ከአንዱ ቤት ይዞ ወደ ሌላው መሄድ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። የከተማው ፋይል ቢጠፋ እንኳ ለፕሬፌው የተላከው ቅጂ «2 ኦ» ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከ1940 በኋላ ያለው የዴፓርትማኑ ቤተ መዛግብት ወረቀት «ደብል ቬ» በሚባለው ምድብ ይገባል፤ በማዘጋጃ ቤት ግን ይህ ምድብ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ1983 ነው።

ፋይሉ ከተሟላ ወረቀቶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፦ የምክር ቤቱ ውሳኔ፣ ንድፎች፣ የዋጋ ግምት (ዴቪ)፣ የውል ግዴታዎች፣ የፕሬፌው ማጽደቂያ፣ የጨረታ ቃለ ጉባኤ፣ በሥራ ላይ የተያዙ የልኬት ማስታወሻዎች፣ የመጨረሻ ሒሳብ (ዴኮንት)፣ ጊዜያዊ ርክክብ፣ የመጨረሻ ርክክብ። ንባቡን ከኋላ፣ ከመጨረሻው ሒሳብ ይጀምሩ። ንድፍ የታሰበውን ያሳያል፤ የተሠራውን የሚናገረው ሒሳቡ ነው። በንድፉ ላይ ያማረ የሰዓት ማማ ኖሮ በሒሳቡ ውስጥ የማማው ድንጋይ ከሌለ ማማው በዚያ ውል አልተሠራም።

ንድፉን ሲያነቡ መለኪያው በተለመደው ክፍልፋይ ላይጻፍ ይችላል። «ለአንድ ሜትር 0.01 ሜትር» የሚል ካለ 1 ለ100 ነው፤ 0.02 ከሆነ 1 ለ50፣ 0.005 ከሆነ 1 ለ200። ቀለሙም ቋንቋ አለው፦ ነባሩ ግድግዳ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ አዲስ የሚሠራው ቀይ፣ የሚፈርሰው ቢጫ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ የተነሣ ንድፍ ይህን ሁሉ ይደብቃል፤ ሁልጊዜ በቀለም ያንሡ። ከፊርማው ጎን ያሉትን የከንቲባውንና የፕሬፌውን ቀኖች ለየብቻ ይመዝግቡ፤ በመካከላቸው ወራት ያለፈ ከሆነ ንድፉ ተመልሶ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ወረቀት አርክቴክቱ ለራሱ አበል ያቀረበው ሒሳብ ነው። በመንግሥትና በማዘጋጃ ቤት ሥራ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አበል ከሥራው ዋጋ 5 በመቶ ሲሆን ይከፋፈላል፦ 1.5 ለንድፍና ለዋጋ ግምት፣ 1.5 ለሥራ ክትትል፣ 2 ለሒሳብ ማጣራት። እንበልና ሥራው 80,000 ፍራንክ ፈጀ። ሙሉ አበሉ 4,000 ነው። ሰውዬው የጠየቀው 1,200 ብቻ ከሆነ ነድፎ ሄዷል፤ ያሠራው ሌላ ነው። 2,800 ከሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ንድፍ ነው ያሠራው፤ «የእርሱ ሕንጻ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። ሒሳቡ አልገጥም ካለ የጨረታውን ቅናሽ ይመልከቱ። ተጫራቾች በተዘጋ ፖስታ ከግምቱ ላይ የመቶኛ ቅናሽ ያቀርቡ ነበርና 80,000 የተገመተ ሥራ በ10 በመቶ ቅናሽ 72,000 ይሆናል፤ ሙሉ አበሉም 3,600። አንዳንድ ከተሞች ግን ለአርክቴክታቸው የተቆረጠ ደመወዝ ሰጥተው አበሉን ከልክለዋል፤ ይህ በሹመት ደብዳቤው ላይ ይጻፋል፣ ደብዳቤውም ከሠራተኞቹ ፋይል «2 ካ» ይፈለጋል።

ሕንጻው ከተሰነጠቀ ለተመራማሪው ሲሳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 አርክቴክትንና ተቋራጭን ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርጋል፤ የሕዝብ ሥራዎች ክርክር ደግሞ የሚታየው በ1800 በተቋቋመው የፕሬፌ ሸንጎ ነበር። የዚህ ሸንጎ ውሳኔዎች በዴፓርትማኑ ቤተ መዛግብት «ካ» ክፍል ናቸው። እዚያ ያሉት የባለሙያ ሪፖርቶች የመሠረቱን ጥልቀት፣ የሞርታሩን ድብልቅ፣ ማን ምን እንዳዘዘ ይናገራሉ። ከ1926 በኋላ ግን አንድ ሸንጎ ለብዙ ዴፓርትማን ስለሚያገለግል ፋይሉን መቀመጫው በነበረበት ከተማ ይፈልጉ።

የትኛው ዓመት ነው ትክክለኛው?

በሊዮን የቶኒ ጋርኒዬን የላ ሙሽ ቄራ ይውሰዱ። በ1905 ከንቲባ የሆነው ኤዷር ኤሪዮ ሥራውን ለጋርኒዬ ሰጠ፤ ንድፉ በ1906 ተጀመረ፤ ትልቁ የከብት ገበያ አዳራሽ ከ1909 ጀምሮ ተሠርቶ በ1914 ለከተሞች ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ በጦርነቱ ጊዜ የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሆነ፤ ቄራ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ1928 ነው። ለአንዱ ሕንጻ አራት ዓመታት (1906፣ 1909፣ 1914፣ 1928)፣ አራቱም እውነት። አዳራሹ 210 ሜትር ርዝመትና 80 ሜትር ስፋት አለው፤ የብረት ጣሪያው በመካከል ምሶሶ የለውም። ስለዚህ ስለ መዋቅሩ የሚጽፍ የግንባታውን ዓመታት፣ ስለ ከተማው ሥጋ አቅርቦት የሚጽፍ 1928ን ይዞ የዓመቱን ትርጉም በግልጽ ይጻፍ። «በ1914 የተሠራ ቄራ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ያጣምማል።

በንባብ ክፍል

እርሳስ ብቻ ይያዙ፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ ብልጭታ የሌለው ፎቶ ግን በአብዛኛው ይፈቀዳል። በቀን የሚወጣው ፋይል ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ የፋይል ቁጥሮቹን በኢንተርኔት ማውጫ አስቀድመው ጽፈው ይሂዱ። ትልልቅ ንድፎች የተጠቀለሉ ስለሆኑ ለብቻ ማስያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ከእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያው ፎቶ የፋይሉ ቁጥር ያለበት የሽፋኑ ፎቶ ይሁን፤ ሁለት መቶ ፎቶ አንሥቶ የትኛው ከየት እንደመጣ ያልለየ ሰው ሁለተኛ ይመለሳል። ወረቀቶቹንም ያሉበትን ቅደም ተከተል ሳያዛቡ ይመልሱ።

ንድፉን ለማሳተም የባለመብትነት ጊዜን ያስሉ፦ ደራሲው ከሞተበት ዓመት ቀጥሎ ካለው ጥር 1 ጀምሮ 70 ዓመት። ጋርኒዬ በ1948 ስለሞተ ሥራዎቹ ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ነጻ ናቸው። አርክቴክቱ «ለፈረንሣይ የሞተ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን 30 ዓመት ይጨመርበታል፤ ይህም በሞት ሰነዱ ኅዳግ ላይ ይጻፋል።