በባቡርና በጀልባ ዝግ ብለው ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤቴ ለቡ አካባቢ በመሆኑ በባቡር ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ዋዜማውን እኔ ዘንድ ያድራሉ፤ ሲመለሱም ቡና እየጠጣን ያዩትን ያወጉኛል። ብዙዎቹ ያላዩት ካዩት እንደሚበልጥ ደጋግሜ በመታዘቤ ይህን ልጽፍ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ጣቢያ መሳት ነው። ባቡር ሲባል የአዲስ አበባ ሰው እግሩ የሚያመራው ወደ ለገሃር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ይሄድ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር የሆነ ሌላ ሐዲድ የተዘረጋለት ሲሆን፣ መንገደኛ የሚሳፈረውም ከከተማዋ ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው። አክስቴ አንድ ማለዳ ስንቋን ቋጥራ ለገሃር ደጃፍ ቆማ ደወለችልኝ፤ ታክሲ ይዛ ለቡ እስክትደርስ ባቡሩ ሄዷል። እንደ አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅምና፣ ቤትዎ ሩቅ ከሆነ ለቡ አካባቢ ማደር ይሻላል።

መታወቂያዎን አይርሱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ነው። ይህ ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለው የድሬዳዋ ቆላ የሚወርድ በመሆኑ አገሩ በመስኮቱ በኩል ቀስ በቀስ ይለወጣል። እስከ ሞጆ ድረስ የጤፍ ማሳ ያያሉ፤ አዳማን ካለፉ በኋላ ግራሩ እየበዛ ይሄዳል፤ መተሐራ ሲደርሱ የሸንኮራ አገዳው፣ ከእሳተ ገሞራ የቀረው ጥቁር ድንጋይ፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅና በስተግራ የፈንታሌ ተራራ ይከታተላሉ። ከደጋ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ የሚቀረውን የአዋሽን ወንዝም የሚሻገሩት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ፊልም እያዩ ወይም እያንኮራፉ ማለፍ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ ጉዞዬ ገና ቢሾፍቱ ሳንደርስ መጋረጃውን ስቤ ተኛሁ። መተሐራ አካባቢ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ጉልበቴን በቀስታ ነካ አድርገው «ልጄ፣ መጋረጃውን ክፈትልኝ፤ ወጣትነቴን ያሳለፍኩበትን አገር ልየው» አሉኝ። የድሮው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው የድሮዎቹን ጣቢያዎች ስም በተራ ሲጠሩልኝ፣ ቀድሞ ሐዲዱ የት የት ያልፍ እንደነበር ሲያሳዩኝ ዋሉ። ድሬዳዋ እስክንገባ ዓይኔን አልከደንኩም።

በደረሱበት ቀን ቀጠሮ መያዝም ሊቀር ይገባል። ግመልና ከብት ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡሩ ፍጥነት ሊቀንስ ወይም ሊቆም ይችላል። ለሠርግ የሚሄድ አንድ ወዳጄ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ ስለዋለ ከመንገዱ አንድም ነገር አላስታወሰም። አንድ ቀን አስቀድሞ መሄድ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ቆሎ፣ ዳቦና በቂ ውኃ ይያዙ፤ ለለቡ ብርድ የለበሱት ካፖርት ድሬዳዋ ላይ ሸክም ስለሚሆን ከሥሩ ስስ ልብስ ይልበሱ።

በጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ስህተት ከዚህ የተለየ ነው። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ስለዚህ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ማለዳ መነሣት ይኖርበታል። ክብራን ገብርኤልን ወደመሰሉ ሴት ወደማይገባባቸው ገዳማት ባልና ሚስት ሳይጠይቁ ሄደው፣ ሚስት ጀልባው ላይ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጉማሬ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ለፎቶ ወደ አንድ ጎን መሮጡ ነው። ትንሽ ጀልባ በዚህ ሊገለበጥ ይችላል። በአንድ ጉዞ ጀልባው ወደ ጎን ሲያዘነብል የጀልባው ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ «ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም በየቦታችን ተቀመጥን፣ ጉማሬውም ጆሮውን እያርገበገበ ለረጅም ጊዜ አጠገባችን ቆየ።