የተግባር ኤሌክትሮኒክስ ፈተና፦ ብልሽት መትከልና ትዝታን በሪዚስተር መቃኘት

ኤልኢዲው (ትንሿ መብራት) ብልጭ ድርግም ካለ ሙሉ ነጥብ፣ ካላለ ዜሮ። የተግባር ኤሌክትሮኒክስ ብዙ ጊዜ የሚታረመው እንዲህ ነው። ለአራሚው ይቀላል፤ ስለ ተማሪው የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። የጎረቤቱን እያየ ሽቦ የሰካው ልጅ ያበራል። ትምህርቱ የገባው ልጅ ደግሞ አንዲት ሽቦ ውስጧ ተበጥሳበት ጨለማ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ትልቁን ነጥብ ለብልሽት ፍለጋ ይስጡ። ከ50 ነጥብ 20 ለብልሽት ፍለጋ፣ 15 ለፕሮጀክት፣ 10 ለብየዳ፣ 5 ለቃል ጥያቄ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ለብልሽት ፍለጋው አንድ ሰርኪት ይምረጡና 6 ቅጂ ይሥሩ። 555 በሚባለው ባለ 8 እግር የጊዜ ቆጣሪ ቺፕ የሚሠራው ብልጭ ድርግም ባይ ይበቃል፦ 9 ቮልት ባትሪ፣ ከእግር 8 ወደ እግር 7 የሚሄድ 1 ኪሎኦም፣ ከ7 ወደ 6 የሚሄድ 68 ኪሎኦም፣ 2 እና 6 አንድ ላይ፣ ከእነሱ ወደ ኔጋቲቭ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ እግር 4 እና 8 ከፖዘቲቭ ጋር፣ እግር 1 ከኔጋቲቭ ጋር፣ እግር 3 ላይ 470 ኦም እና ቀይ ኤልኢዲ። አንዱን ዙር ለማወቅ 0.693 በ(1 + 68 + 68) ኪሎኦም በ10 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 0.95 ሰከንድ ይሆናል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር መዛነፍ በተለምዶ 20 በመቶ ስለሆነ 10 ብልጭታ ከ7 ሰከንድ ተኩል እስከ 11 ሰከንድ ተኩል ቢወስድ ሰርኪቱ ጤነኛ ነው። «መልሱ 9.5 ነው» ብሎ 8.3 የጻፈውን ልጅ መቅጣት የካፓሲተሩን ጥፋት በልጁ ላይ መጫን ነው።

ጤነኛው ሰርኪት ሲለካ እግር 8 ላይ ወደ 9 ቮልት ይገኛል። እግር 2 እና 6 ላይ ቁጥሩ በ3 እና በ6 ቮልት መካከል ይወጣል ይወርዳል፤ የምንጩ ሲሶና ሁለት ሲሶ ማለት ነው። እግር 3 ደግሞ ከዜሮ አጠገብ ወደ 7 ቮልት ተኩል ገደማ ይዘላል። ይህን በወረቀት ጽፈው ለሁሉም ተማሪ ይስጡ። ፈተናው ቁጥር የማስታወስ አይደለምና።

አሁን ብልሽቱን ይትከሉ። አንደኛው ቦርድ ላይ ኤልኢዲውን ይገልብጡ። እግር 3 ይዘላል፣ መብራት የለም። ሁለተኛው ላይ በ470 ኦም ፋንታ 470 ኪሎኦም ያስገቡ። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ የነበረው ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ ይሆናል፤ ልዩነቱ በአንዲት ቀለበት ነው። ሦስተኛው ላይ 68ን በ680 ኪሎኦም ይተኩ። ይህ ከሁሉም የሚያጋልጥ ነው፦ ኤልኢዲው መጀመሪያ 7 ሰከንድ ተኩል ያህል በርቶ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ 5 ሰከንድ ያህል ይጠፋል። የቸኮለ ተማሪ «555ው ተቃጥሏል» ብሎ ይነቅለዋል። እዚህ ቦርድ ላይ ግን ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ካፓሲተር አያስገቡ። ጥቂት ማይክሮአምፔር ከሾለከ 6 ቮልት ሳይደርስ ይቀርና ያላሰቡት ሁለተኛ ብልሽት ይሆናል።

አራተኛው ላይ ባትሪውን ከብሬድቦርዱ (ዕቃው ያለ ብየዳ ከሚሰካበት ቦርድ) የኃይል መስመር አንደኛው ግማሽ ላይ ይሰኩ፣ 555ውን በሌላኛው ግማሽ ያድርጉ። በብዙ ረጃጅም ብሬድቦርዶች መስመሩ መሐል ላይ የተቋረጠ ነው። ቦርድዎ እንደዚያ መሆኑን አስቀድመው በመለኪያው ሜትር (በቴስተር) ያረጋግጡ። አምስተኛው ላይ የደከመ ባትሪ ያስቀምጡ፤ ምንም ሳያሠራ 8 ቮልት የሚያሳይ፣ ሰርኪቱን ሲያሠራ የሚወድቅ። ስድስተኛውን ምንም አያድርጉት። «ይህ ሰርኪት ደህና ነው» ብሎ በሦስት ልኬት ማስረዳትም ብልሽት የማግኘት ያህል ዕውቀት ይጠይቃል፤ እንዲያውም ብዙ ጎበዞች የሚወድቁት እዚህ ነው፣ የሌለ ችግር ፍለጋ የሚሠራውን ያፈርሳሉ።

20ው ነጥብ እንዲህ ይከፈላል፦

• ኃይል ሳይሰጥ አይቶ መገመት፣ ግምቱንም መጻፍ፦ 4
• ምንም ሳይነቅል ሦስት ቦታ ለክቶ ከነአሃዱ መጻፍ፦ 6
• ብልሽቱ የት እንዳለ በቁጥር ማስረዳት፦ 6
• ጠግኖ ማሳየት፦ 4

ዕቃውን በየተራ እየቀየረ በዕድል ያበራ ተማሪ የሚያገኘው የመጨረሻዋን 4 ብቻ ነው። ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው። አለዚያ ቅሬታው ቢሮ ድረስ ይሄዳል።

48 ተማሪ ካለ 6 በ6 እያስገቡ 8 ዙር ነው። ለተማሪው 12 ደቂቃ፣ ቦርዱን ለመመለስ 3 ደቂቃ ሲሰጥ 2 ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሦስት ማለት ነው። መቀመጫው በዕጣ ይሁን፣ በየዙሩም ብልሽቶቹን ከቦርድ ቦርድ ያዘዋውሩ። አለዚያ ከክፍሉ የወጣው ልጅ ለሚቀጥለው «ሦስተኛው ጠረጴዛ ኤልኢዲው ተገልብጧል» ለማለት ግቢውን አቋርጦ መሄድ እንኳ አያስፈልገውም። ሁሉም በ9 ቮልት ባትሪ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ፈተናው አይቋረጥም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ሜትሮቹን ይፈትሹ። በርካሾቹ ባለ ቢጫ ቴስተሮች ላይ ሦስት ነገር ያጋጥማል። የሚሊአምፔሩ ፊውዝ የተቃጠለ ከሆነ ከረንት ሁሉ ዜሮ ይሆናል። የራሱ ባትሪ የደከመ ሜትር ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። የመመርመሪያው ሽቦ ደግሞ እጀታው አጠገብ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል። በአንድ አዲስ ባትሪ ላይ ሁሉንም ለክተው ያገኙትን ቁጥር በፕላስተር ጽፈው ይለጥፉባቸው፣ ተማሪውንም በያዘው ሜትር ንባብ ይረሙት። ቀዩ ገመድ 10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ እንደተሰካ ባትሪ ለመለካት የሞከረ ተማሪ ካለ ወዲያው ያስቁሙት። በብዙዎቹ ላይ ያ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። በ9 ቮልት ባትሪ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በሶላር ወይም በመኪና ባትሪ ላይ ግን ሽቦው ይቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል።

ፕሮጀክቱ ወሎ ላይ ከሆኑ ከቅኝት ይነሣ። ያው 555፣ አምስት ቁልፍ፣ አንዲት ትንሽ ስፒከር። የ10 ማይክሮፋራዱን ቦታ 100 ናኖፋራድ ይይዛል። በ68 ኪሎኦሙ ፋንታ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ሪዚስተር ከእግር 7 ወደ እግር 6 ያገናኛል። ስፒከሩ ከእግር 3 በ100 ኦም እና በ10 ማይክሮፋራድ በኩል ይሰካል። ለትዝታ ሜጀር ከዝቅተኛው ድምፅ ጀምሮ፦ 27 ኪሎኦም፤ 22 እና 2.2 ተቀጣጥለው (አንዱ ከአንዱ ኋላ ተያይዘው)፤ 18 እና 3.3 ተቀጣጥለው፤ 18 ብቻውን፤ 15 ኪሎኦም እና 820 ኦም ተቀጣጥለው። በስሌት 262፣ 292፣ 331፣ 390 እና 442 ኸርዝ ይመጣል።

እርማቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካፓሲተሩ ከተጻፈበት በ10 በመቶ ቢቀንስ አምስቱም ድምፆች አብረው በእኩል ምጣኔ ይቀጥናሉ፤ ቅኝቱ ግን አይፈርስም። ክራሩን ከፍ አድርጎ የቃኘ ሰው ትዝታውን አላጠፋም። ስለዚህ የሚታረመው ኸርዙ ሳይሆን ርቀቱ ነው፦ እያንዳንዱ ድምፅ ለመጀመሪያው ሲካፈል 1.12፣ 1.26፣ 1.50፣ 1.68 አካባቢ መምጣት አለበት፤ እስከ 2 በመቶ ቢዛነፍ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። ልኬቱ በስልክ ላይ ባለ የመቃኛ መተግበሪያ ይሠራል። አንዱ ድምፅ ብቻ ከልኩ ከወጣ የዚያ ቁልፍ ሪዚስተር ተሳስቷል፤ ሁሉም እኩል ከልካቸው ከወጡ ካፓሲተሩ ነው። ይህን ራሱ ለይቶ የተናገረ ተማሪ ቅኝቱ ባይሠምርለትም ከ15ቱ 10 ይገባዋል። ባቲንና አምባሰልን ለትርፍ ነጥብ ይተዉአቸው፤ ሪዚስተሩን አስልቶ የሚያመጣ አይጠፋም።

ብየዳው አጭር ነው፦ በተቦረቦረ ቦርድ ላይ 10 ነጥብ ማስበየድ፣ ለእያንዳንዱ 1። በ60/40 ስታኞ የተሠራ ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ እንደ ድንኳን ወደ ሽቦው ይወጣል። እንደ ኳስ የተንከባለለው ቦርዱን አልያዘም፤ በወረንጦ ሲነኩት ይነቃነቃል። ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ይከፈታል፤ ደሴ ላይ ግን የጦሳ ተራራ ንፋስ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ከመጣ 30 ዋት ካውያ ይቀዘቅዝና የሁሉም ብየዳ ይደበዝዛል። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ፈቀቅ ያድርጉ። ስታኞው እርሳስ ስላለበት ሳይታጠቡ እንዳይበሉ ይንገሯቸው። ይህ ክፍል መብራት ስለሚፈልግ ከሌላው ቀን ለይተው፣ ተለዋጭ ቀንም ይዘው ይቅጠሩት።

ለቃል ጥያቄው ተማሪው የራሱን ቦርድ ይዞ ይቀርባል፤ የሌላውን ሥራ ይዞ የመጣ እዚህ ይለያል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንዱ፦ «ትዝታ ማይነር ለማድረግ የትኞቹን ሁለት ሪዚስተሮች ትነካለህ፣ ታሳድጋለህ ወይስ ትቀንሳለህ?» ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ሪዚስተሮች ያድጋሉ፣ ወደ 22.6 እና ወደ 16.8 ኪሎኦም። ሁለተኛው፦ «የመጀመሪያውንና አራተኛውን ቁልፍ አንድ ላይ ብትጫን ምን ትሰማለህ?» 27 እና 18 ጎን ለጎን 10.8 ኪሎኦም ስለሚሆኑ ድምፁ ከሁለቱም ይቀጥናል፣ ወደ 640 ኸርዝ። ሳይጫን «ይቀጥናል» ካለና ምክንያቱን ከተናገረ ሙሉ፣ ከሰማ በኋላ ካስረዳ ግማሽ ይስጡ።