ኦንላይን ምክርም ሆነ ትንሽ ውለታ ስትጠይቁ

"ላፕቶፔ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?"

ይህን ጥያቄ ሺዎች ባሉበት ግሩፕ ብትለቁት "አጥፍተህ አብራው" ከሚል መልስ ብዙም አያልፍም። ሰዎቹ ሊረዷችሁ ስላልፈለጉ አይደለም። ጥያቄው መያዣ መጨበጫ ስለሌለው ነው።

አሁን ደግሞ ይቺን እዩ፦ "ላፕቶፔ አምስት ዓመቱ ነው። ከተከፈተ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ይግልና ድርግም ይላል። ባለፈው ሳምንት ነው የጀመረው። የማራገቢያው ድምፅ ጨምሯል። ሌላ ቻርጀር ሞክሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። ራሴ ከፍቼ ላጽዳው ወይስ ባለሙያ ጋ ልውሰደው?" ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰልፍ ላይ ቆሞም ቢሆን በአንድ እጁ ይመልስላችኋል። ሁሉም ነገር እዚያው አለ፤ ዕቃው፣ የሚያሳየው ጠባይ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደተሞከረ፣ በመጨረሻም ጠያቂዋ ለመወሰን የተቸገረችበት ነገር። እኔ ከሁሉም አጥብቄ የምመክረው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። "ምን ትላላችሁ?" ስትሉ መላሹን ከባዶ እንዲጀምር ነው የምታደርጉት፣ "ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?" ስትሉት ግን ሁለት መስመር ጽፎ ይገላግላችኋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ብዙዎቻችን ግን የምንደብቀው አፍረን ሳይሆን መፍትሔውን በራሳችን ቀድመን ስለመረጥን ነው። አንድ ሰው "ቪዲዮን ለሁለት የሚቆርጥ አፕ ጠቁሙኝ" ይላል። አንዱ ይህን ሲል ሌላው ያንን ሲል አንድ ሰዓት ያልፍና መጨረሻ ላይ ሰውየው የፈለገው ከብዶ አልላክ ያለውን ቪዲዮ ለጓደኛው መላክ ብቻ እንደነበር ይታወቃል። ጥራቱን ትንሽ ዝቅ ቢያደርገው ይበቃው ነበር! ፕሮግራመሮች ይህን ስህተት "ኤክስ ዋይ ፕሮብሌም" ይሉታል። መውጫው ቀላል ነው፤ የመረጣችሁትን መንገድ ብቻ ሳይሆን መድረስ የፈለጋችሁበትንም ጻፉ።

ከመለጠፋችሁ በፊት እዚያው ሰርች አድርጉ፣ ደንብ ካለም አንብቡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ውለታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቫኔሳ ቦንስ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የማያውቁትን ሰው መጠይቅ እንዲሞላ በአካል መጠየቅ በኢሜይል ከመጠየቅ 34 እጥፍ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። ጠያቂዎቹ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል ይሰፋል ብለው አልገመቱም ነበር። ፊታችንን ለማያይ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ስለዚህ በጽሑፍ የምትለምኑት ነገር ትንሽ ይሁን፣ ዳር ድንበሩም ይታወቅ። 40 ገጽ ልኮ "እስቲ እዩልኝ" ማለት ማንንም አያስነሳም። "የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ አንብባችሁ ያልገባችሁን ቃል ንገሩኝ" ካላችሁ ግን እሺ የሚል አይጠፋም። ሥራው የግድ ብዙ ከሆነም ከፋፍሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ።

ሰው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ "ሌላ ሰው ይረዳቸዋል" ብሎ ያልፋል። ይህን የሚሰብረው ለይቶ መጥራት ነው። "የሚረዳኝ አለ?" አትበሉ። "አረብኛ የምታነቡ፣ ፎቶው ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ምን ይላሉ?" በሉ። አረብኛ የሚያነበው ሰው ያን ጊዜ ስሙ የተጠራ ያህል ይሰማዋል።

ኢንቦክስ ለመግባት መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ሲፈቀድላችሁም "ሰላም፣ እንዴት ነህ?" ብላችሁ መልስ እስኪመጣ አትቀመጡ። ሰላምታውንም ጥያቄውንም በአንድ ሜሴጅ ላኩት። ሰላምታው ብቻ ሲደርሰው ሰውየው ምን ሊመጣበት እንደሆነ ስለማያውቅ ዝም ማለትን ይመርጣል።

አሁን የምለውን እባካችሁ በደንብ ያዙልኝ። ስክሪንሾት ስትልኩ ስልክ ቁጥርን፣ የሂሳብ ቁጥርንና አድራሻን በጥቁር ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። ስስ ቀለም ከቀባችሁበት የፎቶውን ብርሃን በመጨመር ብቻ ሥሩ ያለው ሊነበብ ይችላል። በሜሴጅ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጡ። ሊረዳችሁ የሚፈልግ ሰው ያ ኮድ አያስፈልገውም፤ ኮዱን የሚጠይቃችሁ አካውንታችሁን የፈለገ ነው። ጤና ላይ ደግሞ የሰዎችን ተሞክሮ ስሙ፣ "ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው?" በሉ፣ የመድኃኒት መጠን ግን ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ።

መልስ ከዘገየ አንድ ቀን ጠብቁ። ከዚያ "ምነው ዝም አላችሁ?" ከማለት አዲስ ነገር ጨምሩበት፤ "ዛሬ ደግሞ ይህን ሞክሬ እንዲህ ሆነ" በሉ። የተሰጣችሁ ምክር ካልሠራም በቀና ቃል ንገሯቸው። ዝም ብላችሁ ብትጠፉ መካሪው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

ሲፈታላችሁ ደግሞ ጥያቄውን አታጥፉት። ከዓመት በኋላ ያው ችግር የሚገጥመው ሰው ፈልጎ የሚያገኘው እናንተ የጻፋችሁትን ነው፣ እና መጨረሻው ላይ "ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ" የምትል ቃል ብቻ ካየ ምንም አይጠቅመውም። ምን እንደሠራ ጻፉለት፦ "አቧራ ነበር። ባለሙያ ጋ ወስጄ ማራገቢያው ተጸዳ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሠርቷል። ራስሽ አትክፈቺው ያላችሁኝን ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።"