የግብይትና የጥራት ክፍሎች ተቀናጅተው እንዲሠሩ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

የግብይት ክፍል ለደንበኛ ቃል ይገባል፤ የጥራት ክፍል ምርቱን ይለካል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሲሠሩ ማስታወቂያው ማንም ያልለካውን ያወራል፣ ቤተ ሙከራው ደግሞ ደንበኛው የማይፈልገውን ሲመዘግብ ይውላል። መፍትሔው ስብሰባ ማብዛት አይመስለኝም፤ ሁለቱም የሚጽፉበት አንድ ሰንጠረዥ ነው።

1. የተገባውን ቃል ሁሉ ሰብስቡ። ከማስታወቂያ፣ ከማሸጊያ ጽሑፍ፣ ከድረ ገጽና ከዋስትና ወረቀት ልቀሙ። ሻጮች በአፍ የሚናገሩትንም ጠይቁ፤ የትም ስለማይጻፍ በቀላሉ የሚያመልጠው እሱ ነው።

2. እያንዳንዱን ቃል በመለኪያ ተኩ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። «ቀኑን ሙሉ ትኩስ አድርጎ የሚያቆይ ፔርሙዝ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። «ቀኑን ሙሉ» ስንት ሰዓት ነው? «ትኩስ» ስንት ዲግሪ ነው? ይህን መመለስ ያለበት ደንበኛውን የሚያውቀው የግብይት ክፍል ነው። ፍተሻው በምን ያህል የክፍል ሙቀት፣ በስንት ናሙና እንደሚካሄድ ደግሞ የጥራት ባለሙያው ይወስናል። ደንበኛው ክዳኑን ደጋግሞ የሚከፍት ከሆነ ፍተሻውም መክፈትን ማካተት አለበት፤ አለበለዚያ ውጤቱ ለቤተ ሙከራው ብቻ የሚሠራ ይሆናል።

ቁጥር ስትመርጡ አማካዩን አትውሰዱ። ውሃው 12 ሰዓታት ከቆየ በኋላ አማካይ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ግማሽ ያህሉ ፔርሙዝ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። እነዚያን የገዙ ሰዎች «ተታለልን» ቢሉ እውነት አላቸው። ከማምረቻው የሚወጣው ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያሟላውን ዝቅተኛ ቁጥር ጻፉ። መለኪያ ያልተገኘለትን ቃል ሰርዙት።

የደንበኛን ፍላጎት ከቴክኒክ መለኪያ ጋር በሰንጠረዥ የማገናኘቱን ዘዴ ያዳበሩት ጃፓናዊው የጥራት ባለሙያ ዮጂ አካኦ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የሚትሱቢሺ የኮቤ መርከብ ግንባታ ጣቢያ በሥራ ላይ አውሎታል። ሙሉው ሰንጠረዥ ውስብስብ ስለሆነ ለመጀመሪያ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቃሉ፣ መለኪያው፣ የተገኘው ውጤትና ኃላፊው።

3. ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የጥራት ክፍል ይየው። አይኤስኦ 9001 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አመራር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው እትሙ፣ በንዑስ አንቀጽ 8.2.2፣ ድርጅቱ ስለ ምርቱ የሚናገረውን መፈጸም እንደሚችል እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ለምላሹ የጊዜ ገደብ አስቀምጡ። የጥራት ክፍል ሲቃወምም የፍተሻ ውጤት ይዞ ይምጣ እንጂ «አይሆንም» ብቻ አይበል።

4. ቅሬታውን በደንበኛው አንደበት አስተላልፉ። «ብልሽት» ተብሎ የተጠቃለለ ቅሬታ ለጥራት ባለሙያው ምንም አይነግረውም። ደንበኛው ያለውን እንዳለ፣ ከምርት መለያ ቁጥሩ ጋር ጻፉ። ከዚያ በኋላ አብራችሁ ለዩት። ምርቱ ከመለኪያው በታች ከሆነ ጉዳዩ ወደ ማምረቻው ይሄዳል። ምርቱ ደህና ሆኖ ቃሉ ከተጋነነ ማስታወቂያው ይታረማል። አጠቃቀሙ ግር ካሰኘ መመሪያው እንደገና ይጻፋል።

5. የምትመዘኑበትን አስተካክሉ። አንዱ ክፍል በሽያጭ ብቻ፣ ሌላው ውድቅ ባደረገው ምርት ብቻ የሚመዘን ከሆነ ሰንጠረዡ ብዙ አይቆይም። የተመለሰው ዕቃ ብዛት የሁለቱም ውጤት ሆኖ ይቆጠር።

6. ምርት ከገበያ የሚሰበሰብበትን ቀን አስቀድማችሁ አስቡ። ሽያጭ የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለደንበኞች የሚላከውም ማሳወቂያ የምርት ቁጥሩና ቀኑ ብቻ ሲቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።