የሼከር ገጣሚ ሴት ሕይወት እንዴት ይጠናል?

ሼከሮች በአሜሪካ ሳያገቡ፣ ንብረታቸውን አንድ አድርገው በማኅበር የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። የአንዲት ገጣሚያቸውን ሕይወት ለማጥናት ከ1871 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. ከታተመው ወርሃዊ መጽሔታቸው ጀምሩ። ከግጥሙ ጋር የታተመውን ስምና መንደር ልቅም አድርጋችሁ መዝግቡ። «ኖርዝ ፋሚሊ፣ ማውንት ሌባነን» (የሰሜን ቤተሰብ፣ በኒውዮርክ ግዛት ያለው የማውንት ሌባነን የሼከር መንደር) የሚል ብታገኙ የአባት ስም እንዳይመስላችሁ፤ ሼከሮች «ቤተሰብ» የሚሉት አብሮ የሚኖረውንና የሚሠራውን ቡድን ነው። ይህን ያልለየ ሰው የሌለ ዘመድ ሲፈልግ ይከርማል።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ፤ ከ1850 ወዲህ የየሰዉ ስምና ዕድሜ ሰፍሯል። ማኅበሩ ውስጥ ጋብቻ ስለሌለ ስሟ በባል ስም አይለወጥም፤ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከ1837 ጀምሮ በራእይ ዘመን፣ ማለትም ሼከሮች ከመናፍስት መልእክትና መዝሙር እንቀበላለን ባሉበት ጊዜ፣ የተጻፉትን መዝሙሮች ግን ለብቻ አስቀምጡ። ከመናፍስት የተቀበለችውን ስጦታ የራሷ ድርሰት ነው ብሎ መመዝገብ እምነቷን መዝለል ነው።