ዝንጅብል መጠጣታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት

ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይገባዋል። ጥምዝምዙ ሲጀምር ረዳቱ ፌስታል ማደል ይጀምራል። እኔ ያኔ ከኪሴ ጥፍር የምታህል ዝንጅብል አውጥቼ ከጉንጬ ሥር ሸጎጥ አደርጋለሁ። እኔን ይዞልኛል፣ ጎኔ የተቀመጠውን ሁሉ ግን አልያዘለትም።

ቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ጠንከር ያለውን፣ ቆዳው ያልተጨማደደውን ምረጡ። ሻጋታ ከያዘ ቆርጬ እጠቀመዋለሁ አትበሉ፣ ጣሉት። ቆዳውን በቢላ አትላጡት፣ ግማሹ አብሮ ይሄዳል፤ በማንኪያ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ይበቃል። ለአንድ ስኒ የአውራ ጣት አንድ አንጓ የምታህል ወቅጣችሁ ከድናችሁ 10 ደቂቃ አፍሉት። ደረቁ ዱቄት የበለጠ ያቃጥላል፤ ሲደርቅ ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ሾጋኦል ስለሚቀየር ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ቆጠብ አድርጉ። ማር ከጨመራችሁ ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አትስጡ።

በጥናት ደህና ማስረጃ ያለው ለማቅለሽለሽ ነው፣ በተለይ ለእርግዝና። እዚያ ላይ የሚሞከረው በቀን 1 ግራም ገደማ ዱቄት ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ጉንፋንን አያድንም፤ ጉሮሮን ያሞቃል፣ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያለበትን ሰው ያቃጥለዋል። የሐሞት ጠጠር ያለበትም ሳይጠይቅ አይጀምር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ከጠጣ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የደም ማቅጠኛ ነው። ጎረቤቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ጉንፋን በያዛት ሳምንት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአንድ ላይ አፍልታ በፔርሙስ ጠዋት ማታ ስትጠጣ ከረመች፣ ከዚያ ጥርሷን ስትፋቅ ድድዋ አልቆም ብሎ ደማ። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲላት «የለም» አለች። አልዋሸችም፣ ዝንጅብል ለሷ ሻይ ነው። እንደሷ ከሆናችሁ፣ ወይም ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ካላችሁ፣ ፔርሙሱንም ጨምራችሁ ንገሩት።