የዴስክቶፕንና የላፕቶፕን ፕሮሰሰር እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

በአዲስ አበባ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት የኮምፒውተር መደብሮች ገዢ መጀመሪያ የሚሰማው «ኮር አይ 5 ነው» ወይም «ኮር አይ 7 ነው» የሚለውን ነው። ይህ የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል) ስም ብቻውን ዴስክቶፕን ከላፕቶፕ ለማወዳደር አይበቃም። ኮር አይ7-7500ዩ የተባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ የስሌት ክፍል) ብቻ ያለውና ለ15 ዋት የተነደፈ ሲሆን፣ ኮር አይ5-7500 የተባለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ግን አራት ኮር ያለው የ65 ዋት ነው። ሁለቱም ሰባተኛ ጀነሬሽን ናቸው፤ «አይ 7» ስለተባለ ብቻ ላፕቶፑን የመረጠ ሰው ከባድ ሥራ ሲጀምር ቀርፋፋውን መግዛቱን ያውቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ይያዙ። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል ውስጥ ስሙ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ተጽፎ ይገኛል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ያ ፊደል ብዙ ይናገራል፦ «ዩ» ኃይል ቆጣቢ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር፣ «ኤች» ከባድ ሥራ የሚችል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር፣ «ቲ» ደግሞ ኃይሉ የተቀነሰ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው። ያገለገሉ ሆነው የሚመጡት ትንንሽ ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ ይህ «ቲ» አለባቸው፤ 35 ዋት የሆነውን ከ65 ዋቱ ጋር እኩል አድርጎ ዋጋ መስጠት አይገባም። በሌላው የፕሮሰሰር አምራች በኤኤምዲ በኩልም ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል፤ ራይዘን 5 5500ዩ ዜን 2 በተባለው የቆየ ንድፍ፣ ራይዘን 5 5600ዩ ግን በአዲሱ ዜን 3 የተሠሩ ናቸው። ሙሉ ስሙን ይዘው በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የወጣበትን ዓመት፣ የኮሩን ብዛትና ዋቱን ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የሁለቱን ኮምፒውተሮች ሁኔታ እኩል ያድርጉ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሰካ፣ የኃይል አጠቃቀሙ ወደ ከፍተኛው ይቀየር፣ ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችና የዊንዶውስ አፕዴት እስኪያበቁ ይጠበቅ። አየር እንዲያገኝ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ጨርቅ ላይ አይቀመጥ።

ለመለኪያ ሲኔቤንች አር23 የተባለው የፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነጻ ነው፣ ሥዕል እያሰላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ይፈትናል፣ በፍላሽ ይዘውት መሄድም ይችላሉ። ሌላው መፈተኛ ጊክቤንች 6ም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ነጻው ቅጂ ውጤቱን ለማሳየት ኢንተርኔት ስለሚፈልግ በመደብር ውስጥ ላይመች ይችላል። የትኛውንም ቢመርጡ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ስሪት ይጠቀሙ፤ የተለያየ ስሪት ውጤቶች አይነጻጸሩም። ሁለት ቁጥር ይውሰዱ፦ አንዱ በአንድ ኮር፣ ሌላው በሁሉም ኮሮች።

ሻጩ ቢቸኩልም የሚከተለውን ደረጃ እንዳይዘሉት አጥብቄ እመክራለሁ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲጀምር ለጥቂት ጊዜ ከተነደፈበት ዋት በላይ ኃይል ይወስዳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሙቀቱ ሲበዛ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የተሞከረ ላፕቶፕ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ የአንድ ዙር ውጤት ይውሰዱ፣ ከዚያ በሲኔቤንች ውስጥ ያለውን የ10 ደቂቃ ሙከራ ያስጀምሩ፤ በዚህ መካከል ታስክ ማናጀርን ከፍተው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን የጊጋኸርዙን ቁጥር ይከታተሉ። ሲጀምር 3.5 የነበረው ወደ 2.5 ወርዶ እዚያው ሲቀር በዓይንዎ ያያሉ። የመጀመሪያው ውጤት ለምሳሌ 4,000፣ የመጨረሻው 3,000 ቢሆን ላፕቶፑ ሩብ አቅሙን አጥቷል፤ ከዴስክቶፑ ጋር መወዳደር ያለበትም 3,000ው ነው። ጥሩ ፋን ያለው ዴስክቶፕ ብዙም አይወርድም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቀጭን ነው፤ ፋኑ የሚገፋው አየር የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። በቆላማ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ ውጤት እዚህ ላይደገም የሚችለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በጣም ከወረደ አቧራው ተጠርጎ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ከተቀየረ በኋላ እንደገና ይለካ።

ከዚያ ቁጥሮቹን ከሥራዎ ጋር ያገናኙ። በፒችትሪ ሒሳብ ለሚይዝ ወይም በአውቶካድ ለሚነድፍ ሰው የአንድ ኮር ውጤት ይበልጣል፤ በዚህ በኩል አዲስ ላፕቶፕ የቆየ ዴስክቶፕን በቀላሉ ሊቀድም ይችላል። የሕንፃ ሥዕል ሬንደር የሚያደርግ (ንድፉን ወደ እውነተኛ መሳይ ምስል የሚቀይር) ሰው ግን የሁሉንም ኮሮች ውጤት፣ ያውም ከ10 ደቂቃ በኋላ ያለውን፣ ይመልከት። የሚቻል ከሆነ የራስዎን ፋይል በሁለቱም ላይ ከፍተው የፈጀውን ጊዜ በስልክዎ ይለኩ።

በመጨረሻ ቻርጀሩን ነቅለው ሙከራውን ይድገሙት፤ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሥራው መቆም የሌለበት ሰው ይህን ሁለተኛ ውጤት ይያዝ፤ በዴስክቶፑ ዋጋ ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠውን የዩፒኤሱን ዋጋ ይደምር።